አሮጊቷ መኪናህ የሼክን ዳገት ወጣች

አሰላሙ ዐለይኩም ጀማልዬ፣

ከተለየኸን አንድ ረመዳንና ሁለት ዒድ አልፎናል። በመጀመሪያው ዒድ ልጃችንን ነጃትን አዲስ ቀሚስ አልብሼ ጎረቤት ሰደድኳትና በሬን ዘግቼ ሳለቅስ ዋልኩ። በሁለተኛው በግ አሳረድኩ፣ ለጎረቤት አካፈልኩ፣ ከሰው ጋር ተቀምጬም ሳቅኩ። ዛሬ ልጽፍልህ የተቀመጥኩት የምስራች ስላለኝ ነው። ሐዘኑን በዱዓዬ ነግሬህ ጨርሻለሁ፤ ይሄኛውን ማንም ሳይቀድመኝ ከእኔ እንድትሰማው ፈለግሁ። መካኒኩ አብዲ መቃብርህ ዘንድ ሄዶ ሊያወራልህ ሲነሳ፣ ወላሂ፣ እጁን ይዤ ነው የመለስኩት።

አሮጊቷ መኪናህ የሼክን ዳገት ወጣች። አዲሱ ሞተር ገብቶላት፣ ከበርበራ ስኳርና ሩዝ እስከ ጣሪያዋ ተጭኖባት፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳትቆም፣ ውሃ ሳትጠይቅ፣ ከጎማዋ ስር ድንጋይ ሳይደረግላት ወጣች። የነዳኋት ደግሞ እኔ ነኝ። እንደ ልማድህ አፍህን በእጅህ ሸፍነህ ሳቅና ከዚያ አንብብ፤ ሁሉንም በየተራው እነግርሃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ነጃት በቁመት ደርሳብኛለች፤ ሶማሊኛዋማ እንደ ውሃ ስለሚፈስ የእኔን እያረመች ታሳፍረኛለች። ሱቅ ሄጄ ሽንኩርት ስጠይቅ ከኋላዬ ቆማ ትስቃለች። ትምህርት ቤቷን ትወዳለች፤ ጓደኞቿ ሁሉ እዚሁ ጋአን ሊባህ ሰፈር ናቸው። እሠራዋለሁ እያልክ ስትምል የኖርከውን የግቢውን በር እኔ አሠራሁት። አሁን ሲከፈት አይጮህም፤ እኔም ማን እንደገባ ስለማላውቅ የድሮው ሳይሻል አይቀርም። የጎረቤታችን አዲስ ፎቅ የከሰዓት ፀሐያችንን ስለወሰደብን የልብስ ገመዱን ወደ ምሥራቅ አዙሬዋለሁ። አዲሱ ሞተር ሳይገጠም ተኝቶበት የነበረው ጥግ ባዶ ሆኖ ያየሁት ቀን ደንግጬ ነበር፤ አሁን ቃሪያ ተክዬበታለሁ።

የድሮው ሞተሯ ምን ያህል እንዳሰቃየህ አንተ ብትረሳ እኔ አልረሳሁም። ከሐርጌሳ እስከ በርበራ ቁልቁል ስለሆነ እንደ ሙሽራ ትሄድልሃለች። ከበርበራ ወደ ቡርኦ የሚወስደውን የሼክን ተራራ ስታይ ግን ትንፋሿ ይቆረጣል። ገና ጥምዝምዙን ስትጀምር ትፈላለች። አንተ እርጥብ ጨርቅ ይዘህ ኮፈኗን ትከፍታለህ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ከኋላ ጎማዋ ስር ድንጋይ ይደግፋል፣ እኔ ጀሪካን አቀብልሃለሁ። ያቺ ከዘራ የያዘች የቡርኦ አሮጊት ተቆጥታ ወርዳ በአቋራጭ በእግሯ የሄደችውን ታስታውሳለህ? አቀዝቅዘን፣ ውሃ ሞልተን፣ እንደገና ፈልታብን፣ እንደገና አቀዝቅዘን ላይ ስንደርስ ሴትዮዋ ሻይ ቤት ተቀምጣ ሁለተኛ ብርጭቆዋን እየጠጣች ጠበቀችን። መኪናዋን አሮጊቷ ያልካት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ደግሞ ይሄ ስም ለሴትዮዋ ስድብ ነው፣ እሷ እኮ ወጥታለች ብዬ ስከራከርህ እስከ ቡርኦ ደረስን።

ያንን ሞተር ያመጣኸውም ለዚሁ ነበር። በበርበራ ወደብ የገባ፣ ከተጋጨች መኪና ላይ የተነቀለ፣ በናፍጣ የሚሠራ ባለ ስድስት ፒስተን። ከጭነት መኪናው ላይ ሲያወርዱት እጅህን ዘርግተህ እንደ አራስ ልጅ ልትቀበለው ምንም አልቀረህም። ጎረቤቱ ሁሉ ስድስትን በስድስት መለወጥ ምን የሚሉት ነው፣ ለምን ቀለል ያለ ባለ አራት አታስገባም ሲልህ፣ ስድስት ሰነፎችን አባርሬ ስድስት ታታሪዎችን ቀጠርኩ አልካቸው። ከዚያ ወዲያ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በኋላ ሻይህን ይዘህ አጠገቡ ነበር የምትቀመጠው። ሁለተኛ ሚስት አገባህብኝ ብልህ፣ እስከ አራት ይፈቀድልኛል አልከኝ። የወረወርኩብህ ጫማ ትከሻህን ስቶ ሞተሩን መታው፤ አንተም ቀድመህ የዳበስከው ሞተሩን ነው።

ሳትገጥመው ድንገተኛ ሕመም ቀደመህ። ሆስፒታል የገባኸው በእግርህ ነበር። በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ የሐርጌሳ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ቀበረህ፤ ስምህን የማያውቅ ሰው ሁሉ ከመስጊድ እየወጣ ቃሬዛህን ተቀባበለ። እናትህም ወንድምህ ሰይድም ከኮምቦልቻ ሊደርሱልህ አልቻሉም። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ዓይኔ በሸራ ተሸፍኖ የተኛው ሞተር ላይ ነበር። እሱም ከፈን የለበሰ ነበር የሚመስለው።

አራት ወር ከአስር ቀን ዒዳዬን ተቀምጬ ሳለሁ ያለ ጉዳይ ከቤት አልወጣም፤ ሰው ግን ወደ እኔ ይመጣል። የመጣው ሁሉ አፅናንቶኝ ሲያበቃ ዓይኑን ወደ ግቢው ጥግ ይልካል። አንዱ መኪናዋን ለብረት ሽጪያት ይለኛል፣ ሌላው ሞተሩን ብቻ ሽጪው ይለኛል። ሰይድ ደግሞ እየደወለ ሁለቱንም ሽጠሽ፣ ነጃትን ይዘሽ አገርሽ ግቢ፣ ባል የሌላት ሴት በሰው አገር ምን ትሠራለች ይላል። ሰይድ ክፉ አይደለም። ወንድምህ ነው፣ አሳቢም ነው፤ ሲያስብ ድምፁ እንደ ፖሊስ መሆኑ ነው እንጂ።

እምቢ አላልኩትም፣ እሺም አላልኩትም። ኮምቦልቻ ብሄድ ቤተሰብ አለኝ፤ ነጃትም ውላ አድራ ትለምደው ይሆናል። አንተን ግን ይዤህ መሄድ አልችልም። መቃብርህ እዚህ ነው። መጥቶ ሰላም የሚልህ፣ ፋቲሓ የሚቀራልህ ሰው ሊኖርህ ይገባል፤ ያ ሰው እኔ መሆን እፈልጋለሁ። እዚህ ለመቆየት ደግሞ ልጄን የማሳድርበት ሥራ ያስፈልገኛል፤ የማውቀውም ያንተን ሥራ ነው። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ጭነቱን አውቀዋለሁ፣ ሼክና ቡርኦ ያሉ ባለ ሱቆች እቃ የሚጠብቁት ከእኛ መኪና እንደሆነም አውቃለሁ። መንጃ ፈቃዱንም አንተው ራስህ ሜዳ ላይ እያስተማርከኝ ነው ያወጣሁት። ዳገት የምትወጣ መኪና ብቻ ነበር የጎደለኝ።

ዒዳዬን እንደጨረስኩ አብዲን ጠራሁት። አብዲ ያው አብዲ ነው። በስደት ድሬዳዋ አድጎ የተመለሰ የሐርጌሳ ልጅ፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ የሚል፣ ወሬውን ሁሉ በአቦ የሚጀምር። አቦ ሃሊማ፣ እኔ እኮ እስክትጠሪኝ ነበር የምጠብቀው፣ ጀማል ይሄን ሞተር ሳልገጥምለት ብቀር በቂያማ ቀን በካቻቢቴ ነው የሚጠብቀኝ አለኝ። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለውን ጋራዡን ለሠራተኞቹ ትቶ እኛ ግቢ ገባ። ጎረቤታችን ሆዳን ወንበሯን በሩ ላይ አድርጋ ተቀመጠችልኝ፤ ባል የሌላት ሴት ቤት መካኒክ ሲመላለስ ሰው እንዳያወራ ነው። ሳይውል ሳያድር ከበሩ ወደ ግቢው መሐል ተጠጋች፤ ከዚያ ስለ ሞተር ሐሳብ መስጠት ጀመረች።

የአብዲን ሥራ ታውቀዋለህ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል ሳይናገር ይሠራል። ቀትር ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይደርስና ይቀመጣል፤ ያኔ በአፉ አውሮፕላን ይገጣጥማል። በነጋታው ካቻቢቴውን የት እንዳኖረው አያውቅም። እኔም ተማርኩ፤ የከሰዓቱን እቅድ ሁሉ እሺ እሺ እያልኩ አሳልፌ የጠዋቱን ብቻ ነበር የማምነው።

የድሮውን ሞተር አብዲና ሊያግዙት የመጡት የሰፈር ልጆች በሦስት የብረት ቧንቧ ላይ ሰንሰለት አስረው አወጡት። ከመኪናዋ ሆድ ሲወጣ ዘይቱ እየተንጠባጠበ ነበርና አብዲ ቆቡን አውልቆ አላህ ይርሃምህ አለው፤ ሆዳን ስለ ብረት እንዲህ አይባልም ብላ ተቆጣችው። አዲሱ ሲገባ ነገሩ በልክ እንዳልተሰፋ ሱሪ ሆነ፤ ወገቡ እዚህ ጠበበ፣ እዚያ ሰፋ። ሞተሩ የሚያርፍበትን ብረት ቆርጠው ሌላ በየዱ። የናፍጣው ሞተር ከድሮው የቤንዚን ሞተር ስለሚከብድ የፊት ባሌስትራዋን በወፍራም ለወጡ፣ አለዚያ በፊቷ ተደፍታ ሰጋጅ ትመስል ነበር። ራዲያተሩንም በትልቅ ቀየሩት። ሁሉም ቦታ ቦታውን እየያዘ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ገንፎ ሠራሁላቸው።

ከዚያ ያ ጉድ መጣ። አብዲ የጭስ ማውጫ ቧንቧውን በእጁ አጥፎ፣ በእጁ በይዶ፣ በሞተሩ በግራ በኩል ቁልቁል አወረደው። ሲያምር! ሆዳን እንኳ ማሻአላህ አለች። ሞተሩ ሲገባ ቦታ እንዲለቅ ነቅለው ያስቀመጡትን የመሪውን ዘንግ ለመመለስ ሲሞክሩ ግን ዘንጉ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ያ የሚያምር ቧንቧ ቆሟል። አብዲ ዘንጉን ይዞ ቧንቧውን አየው፣ ቧንቧውን ትቶ መሪውን አየው፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ይሄ ሰውዬ ስንት ዘመን የሠራው ቀኝ መሪ መኪና ነው፤ የሐርጌሳ መኪና ከስንት አንዱ ካልሆነ መሪው በቀኝ ነው። ያንተ ግን ከአገር ቤት የመጣች ግራ መሪ ናት። ማለዳ ማለዳ በግራ በኩል ባለው በር እየገባ ሲሠራባት ከርሞ፣ ቧንቧውን ሲያጥፍ እጁ የለመደውን ሠራ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይሉ የለ! እኔ በሳቅ ፈረስኩ፣ ሆዳን ፈረሰች፣ በመጨረሻ እሱም ፈረሰ። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

አብዲ ግን ሳቁን ሲጨርስ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ያውም በጠዋት። ቧንቧውን ከማፍረስ ለምን መሪውን ወደ ቀኝ አናዞረውም አለኝ። ከሞተሩ ጋር የሚሄደው የመሪ ዕቃ እዚሁ ገበያ ሞልቷል፣ ሐርጌሳም ሁሉም ሰው የሚነዳው ቀኝ መሪ ነው፣ ነገ ብልሽት ቢመጣ መለዋወጫው አይቸግርሽም አለ። እውነቱን ነበር። ሆዳንም ራሷን ነቀነቀች። እስኪ አስቤበት ልንገርህ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

የመጣብኝ የገቢሌው ሰርግ ነው። አሮጊቷ ታማ ቀኝ መሪ መኪና ተከራይተን የሄድንበት። እዚህ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ መሪውም ቀኝ ሲሆን ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና አልፎ ማየት አይችልም፤ በግራ የተቀመጠው ሰው ነው የሚያይለት። እስከ ገቢሌ ድረስ ዓይንህ እኔ ነበርኩ። ቆይ ስልህ ትቆያለህ፣ ሂድ ስልህ ያለ አንዳች ጥርጥር ትሄዳለህ። አንድ ጊዜ ግመል ሳይ ተደናግጬ ሂድም ቆይም አልኩህና መንገድ ዳር ወጥተን ቆመን ስንስቅ ሰርጉ ሊያመልጠን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የታመንኩበት ቀን የለም ጀማልዬ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይን የሚሆነኝ ሰው አሁን የለኝም። ይሄን ሳስብ እውነቱን ልንገርህ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና፣ መሪዋ ግራ ነው፣ ግራ ይቀራል፣ መንገዱን በራሴ ዓይን ማየት አለብኝ አልኩት። አብዲ ፊቴን አየ። መጋዙን አነሳ፤ ያን የሚያምር ቧንቧ ቆራረጠው።

አዲሱ ቧንቧ በሞተሩ ኋላ ዞሮ በቀኝ በኩል ወረደ። እንደ መጀመሪያው አያምርም፣ የበሬ አንጀት ይመስላል፤ ለመሪው ግን መንገድ ለቀቀ። ዘንጉ ገባ፣ ናፍጣው ተሞላ፣ ከመስመሩ ውስጥ አየሩን እያስተነፈሱ ብዙ ታገሉ። ቁልፉን አብዲ እንዲያዞረው ስሰጠው ጀማል ካልሆነ አንቺ ነሽ የምታዞሪው ብሎ መለሰልኝ። ቢስሚላህ ብዬ አዞርኩ። አቃሰተች፣ ተወች። እንደገና አዞርኩ። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፣ የሆዳን ፍየሎች በር ሰብረው ወጡ፣ ከጭሱ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። ስድስቱም በየተራቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም፣ ረጋ ብለው። አንድም ቀን ሳትሰማው የሄድከው ድምፅ ነው። አብዲ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ሲጮህ ነጃት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመንገድ ሰምታ ሮጣ ገባች። እኔ መሪውን ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ መውረድ አቃተኝ።

ሰይድ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሊወስደን ነበር የመጣው፤ ሻንጣችን የሚታሰርበትን ገመድ ሳይቀር ይዞ ነበር። ሞተሩን አስነስቼ አሰማሁት። ድምፅማ ጅብም አለው፣ እኔ የማውቀው ጀማል በዚያ ዳገት ላይ ድንጋይ ሲለቅም እንደኖረ ነው አለኝ። አባባሉ አበሸቀኝ። እንግዲያው አብረን እንሂድ አልኩት፤ ሙሉ ጭና ሳትቆም ከወጣች እኔና ነጃት እዚህ እንቀራለን፣ በመንገድ ላይ ከቆመች ግን አንድ ቃል ሳልናገር እሸጣትና ተከትዬህ እገባለሁ። ውርርድ ሐራም ስለሆነ ስምምነት አልነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ አጉረመረመ፤ ቢሆንም እጁን ሰጠኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ቀርቼ ይሆናል ብለህ አታስብ፤ እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት። ጠዋት ነጃትን ለሆዳን ሰጥተን ወጣን። የናሳ ሃብሎድን መንታ ኮረብቶች አልፈን ቁልቁሉን ስንወርድ ሰይድ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። በርበራ ገብተን በዚያ እሳት ሙቀት ውስጥ ስንጭን ግን ነቃ አለ፤ ጭነቱ በቃ ሲባል እሱ ራሱ ተጨማሪ ጆንያ አስጫነ። አየሁት። በውስጤም እንዲህ ነው ነገሩ አልኩ።

ዳገቱ ስር ደረስኩ። ማርሹን ቀነስኩና ያሲንን እየቀራሁ ገባሁበት። መጀመሪያ የምትፈላበት ጥምዝ ደረሰ፣ አለፈ። አንተ እርጥብ ጨርቅህን የምታነሳበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈ። ሙቀቱን የሚያሳየው ቀስት ትንሽ ከፍ ብሎ እዚያው ቆመ። ልቤ ሊረጋጋ ሲል ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለ፤ ተሸክሞ የሚንፏቀቅ፣ የሰው እርምጃ እንኳ የማይሄድ። ከኋላው ብቀር መቆሜ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ያን ሁሉ ጭነት ይዤ ከቆምኩ ደግሞ መነሳቴን እንጃ። ሰይድ በቀኝ ተቀምጧል፤ ከመኪናው ቂጥ በቀር የሚታየው ነገር የለም። አትሞክሪው፣ አትሞክሪው ሃሊማ፣ ምንም አይታየኝም እያለ ይጮሃል። እኔ ግን ይታየኝ ነበር! ጥምዙን ስንጨርስ ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብዬ አየሁ፤ መንገዱ እስከ ቀጣዩ ጥምዝ ድረስ ባዶ ነው። ክላክስ ነፋሁ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት። ስድስቱም ታታሪዎችህ አንድ ላይ ተነሱ። የጭነት መኪናው ሾፌር ሴት መሆኔን ሲያይ እጁን በመስኮት አውጥቶ ማሻአላህ እያለ ሲያሳልፈኝ በጎን አየሁት። ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ ሸሃዳ እየያዘ ነበር።

ላይ ወጣን ጀማልዬ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለበት፣ የበርበራ ሜዳ ወደ ታች ተዘርግቶ የሚታይበት ቦታ ላይ አቆምኳት። በፈቃዴ ነው ያቆምኳት፤ ሞተሩንም አላጠፋሁም። ሰይድ ወርዶ ኮፈኗን በመዳፉ ነካ። ለረጅም ጊዜ እጁን አላነሳም። እኔም ወርጄ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ወንድሙን አቅፎ እንደሚያለቅስ ሰው ስለመሰለኝ ላየው አልፈለግሁም። ከዚያ ስልኩን አወጣና ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ እናትህ ዘንድ ደወለ። እማ፣ ሃሊማ አትመጣም፣ ሥራዋ እዚህ ነው፣ ጀማልም ጠያቂ አለው አላት።  እናትህ ያ የሚሰማው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። የጀማል ሞተር ነው ሲላት፣ እስኪ አስጠጋልኝ አለችው። ሰይድ ስልኩን ኮፈኗ ላይ አደረገው። ከኮምቦልቻ የመጣው እልልታ ያንን ሁሉ ነፋስ አልፎ እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ፤ እኔም ከዚህ መለስኩላት። ሻይ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሰርግ መስሎት ወጣ።

ሰይድ ትናንት አገሩ ገባ፤ ሲሰናበተኝ ገመዱን ለጭነት ይሆንሻል ብሎ ተወልኝ። እኔ ነገ ማልጄ በርበራ እወርዳለሁ፤ የሼክ ባለ ሱቆች ስኳር አልቆባቸዋል። ለአብዲ አሁን ፈቅጄለታለሁ፤ መቃብርህ ዘንድ መጥቶ የፈለገውን ያህል ይዋሽልህ፤ ያን የቧንቧውን ነገር ግን እንደማይነግርህ እወራረዳለሁ፣ አስተግፊሩላህ።

ለእኔ ዱዓ የምታደርግልኝ ይመስለኛል፤ እኔም አላቋረጥኩም፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃን ያድርግልህ። አልረሳህም ብሎ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው፤ እንዴት እንደማልረሳህ ልንገርህ። ከነገ ጀምሮ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ገና ዳገቱ ሲጀምር ይሄ ምን ዓይነት ሞተር ነው ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ያመጣው ባሌ ነው፣ ስሙ ጀማል ይባላል፣ አላህ ይርሃመው በሉልኝ እላቸዋለሁ። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ይልልኛል። አላህ ዕድሜና ጤና እስከሰጠኝ ድረስ፣ በእኔ መኪና ይሄን ተራራ የወጣ ሰው ስምህን ሳይጠራ አይወርድም።

ሃሊማህ
ጋአን ሊባህ፣ ሐርጌሳ